ላይገኙ ይችላሉ

ጥቅምት 19 ቀን 2073 ዓ.ም. ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወንድሜ ናሆም ጌጤነህ ሞተ። እጁን ይዤው ነበር። የደብረ ሲና ጉም ገና ከገደሉ አልተነሳም፤ ከጓሮ ዝንጀሮዋ ትርንጎ አንድ ጊዜ ጮኸችና ዝም አለች። ዓይኑን ከደንኩለት፣ ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ አገጩን አሰርኩለት።

በሦስት ሰዓት ናሆም እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ መቀበል ጀመረ።

ያንኑ ካኪ ጃኬት ለብሷል፤ የግራ ኪሱ አዝራር የወለቀውን። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ቤታቸው ነው» ይላል፤ እንስሳቱን ማለቱ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ መጥቶ ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ አጠገቡ እየቆሙ ፎቶ ተነሱ። እኔ ከመኝታ ቤቱ መስኮት አያቸዋለሁ፤ ከኋላዬ አልጋው ላይ ሬሳው ተጋድሟል።

በሩ ላይ ያለው ከብርሃን የተሠራ ቅጂው ነው። ቅጂው የነባር ነው፤ ግቢውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ማለት ነው። በእነሱ አነጋገር የተቀዳ «ነባሪ» ይባላል፣ ያልተቀዳ ደግሞ «ጊዜያዊ»። የሚያስነጥሰው፣ የሚራበው፣ ቁንጫ የሚያሳክከው ጊዜያዊ ነው። ነባሪ አይሞትም፤ ስለማይሞትም ሞቱን ማወጅ ክልክል ነው። ደንቡ መጀመሪያ የወጣው ለእንስሳ ነበር። ቀጥሎ ዘፋኝ ተቀዳ፣ ኳስ ተጫዋች ተቀዳ፣ ኋላ ባለሱቅ ሳይቀር ተቀዳ፣ ደንቡም ለሰው ሆነ። የሰፈራችንን ዳቦ ቤት የሚከፍቱት ጋሽ ዮናታን ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ይሉኛል፣ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ ዳቦውን ታቀብላለች። ያቺ ልጅ ለአባቷ አንድ ቀን ጥቁር ለብሳ አታውቅም።

ወንድሜ ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚገባው ሰው አልነበረም። የሚገባው ማንም የለም፤ ለእሱ ግን ከሁሉም ይልቅ አይገባም ነበር። ለምን እንደሆነ ልናገር።

ናሆም በወጣትነቱ መንዝ፣ ጓሳ ላይ የጥብቅ ሣሩ ጠባቂ ነበር። ቀይ ቀበሮዎቹ ያኔ ነበሩ። ውርጩ በየዓመቱ ወደ ላይ ሲሸሽ ገብሱ ተከትሎት ወጣ፤ ከገብሱ ጋር ገበሬው፣ ከገበሬው ጋር ውሻው፣ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ። ናሆም የክትባት ሣጥን በትከሻው አንግቶ ከመንደር መንደር ውሻ ሲከትብ ኖረ። ሰዎቹ ሊገድልብን ነው እያሉ ውሾቻቸውን ጎተራ ውስጥ ይደብቁበት ነበር። ስንት ጊዜ ተነክሶ እንደመጣ እናታችን ታውቅ ነበር። ቀበሮዎቹ ግን አለቁ። አንድ ክረምት እናታቸው የሞተችባቸውን ሦስት ግልገሎች በጃኬቱ ውስጥ አቅፎ ከተራራው ወረደ።

አባታችን በግ አርቢ ነበር። ግልገሎቹን አንድ በአንድ አያቸው። «የበጎቼን ጠላት አቅፈህ መጣህ? ደግ። በሠርግህ ቀን እነዚህን አርድልሃለሁ» አለው። ናሆም አላገባም። አባታችን እስኪሞት ድረስ በዚያ ይቀልድበት ነበር፤ መሬቱን ግን ሰጠው።

የእንስሳት ማቆያው እንዲህ ተጀመረ። ከቀበሮዎቹ ቀጥሎ ጉሬዛ መጣ፣ ድኩላ መጣ፣ ወጥመድ እግሯን የቆረጠባት ጅብ መጣች፣ በመጨረሻም ትርንጎ የምትባለው ጭላዳ ዝንጀሮ። መኪና የገጫት እናቷ ደረት ላይ ተጣብቃ ነው የተገኘችው። ናሆም የገነባው ቤት ሁሉ ከጀርባው አንድ ክፍል ነበረው፤ መስኮት የሌለው፣ ማንም የማያይበት። እንስሳው መታየት ካልፈለገ ወደዚያ ይገባል። በግቢው ዋና በር ላይ ደግሞ በእጁ የጻፈው እንጨት ተሰቅሎ ነበር፦ «ላይገኙ ይችላሉ»።

በዚህ ምክንያት ከእንግዳ ጋር ያልተጣላበት ሳምንት የለም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ሰውዬ ቀበሮ ለማየት እስከ ምሳ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ። ያየው ጅራት ብቻ ነው። ጅራት ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የነዳሁት ብሎ ሲጮህበት፣ ናሆም ባርኔጣውን አንስቶ በትሕትና ጅራቱንም ያሳየዎት እርስዎን ስለወደደ ነው አለው። ለእኔ ሲነግረኝ ግን እየሳቀ አልነበረም። «ሶሲ፣ ሰው ቤት ስትሄጂ ሰውየው ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ነው ቤት የሚባለው» ይል ነበር።

ስለ እድሩም መናገር አለብኝ። የእኛ እድር ከሌላው የሚለይበት አንድ ልማድ አለው። ጥሩምባ ነፊው የሞተውን ስም አይጠራም። የሚጠራው ሀዘንተኛውን ነው። «ሀዘን የእገሌ ነው፣ ቀብር በዚህ ሰዓት» ይላል፤ የሞተውማ አልቆለታል፣ ሰው የሚያስፈልገው ለቀረው ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ከሦስቱ ቀበሮዎች የመጀመሪያዋ የሞተች ጊዜ ናሆም እድሩ ዘንድ ሄዶ ጥሩምባ ይነፋልኝ አለ። ሳቁበት። ያኔ ጸሐፊ የነበረው ዳግማዊ የባለቤቷን ስም ንገረንና እናስተዛዝነው አለው። ጥሩምባ ነፊው እንዳልክ ግን አልሳቀም። ቆርቆሮው የእድሩ ነው፣ ትንፋሹ የእኔ ነው ብሎ ወጣና «ሀዘን የናሆም ጌጤነህ ነው» እያለ ከተማውን ዞረ።

አገሩ ሁሉ አባታችን የሞተ መስሎት ደረቱን እየደቃ መጣ። አባታችን ደጃፍ ቁጭ ብሎ በግ ይሸልታል። ማን ሞተ ቢሉት በመቀሱ ወደ ጓሮ ጠቆማቸው። ግማሹ ተቆጣ። ተቆጥቶ የሄደ ግን አልነበረም፤ ንፍሮ ቀቅዬ ነበር፣ አንዴ ለለቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ አይሄድም። ከዚያ ወዲህ እንስሳ በሞተ ቁጥር ይመጡ ነበር፤ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ሳይታወቀው የእውነቱን። መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች ቅርጫታቸውን ትተው ይመጡ ነበር።

ጓሳ ላይ ቀበሮ መታየት ባቆመበት ጊዜ የእኛ ግቢ ውስጥ ብቻ ቀሩ። ድርቁም ያኔ ነው የጠናው። ሥጋ ጠፋ፣ ክትባት ጠፋ። ነባር የመጣው በዚያ መካከል ነው። በሕይወት እስካሉ እንመግባቸዋለን፣ እናክማቸዋለን፣ በምትኩ ይቀዱ አሉ። ናሆም ፈረመ። በዚህ እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ፤ ሙት ነው ብዬ ንዴቴን አልደብቅም። የተራቡትን እያየ እንደፈረመ አውቃለሁ፤ ማወቄ ንዴቴን አይቀንሰውም።

ማደንዘዣ ሊወጓቸው ሲሉ ግን እምቢ አለ። ካልፈሩ አይሸሹም፣ እኔ አብሬያቸው እቀመጣለሁ አለ። በጋውን ሙሉ መሣሪያዎቹ ባሉበት ከእንስሳቱ ጋር ተቀመጠ፤ እያወራቸው፣ እያንጎራጎረላቸው። ስህተቱ ይኼ ነው። ከእሱ በቀር ማንም የማይሠራው ስህተት ነው። ቅጂዎቹ ሲያልቁ ቀበሮው ጆሮውን የሚያቆመው ወደ ናሆም ነው፣ ጅቧ የምትዞረው ወደ ናሆም ነው፣ ድኩላው ቀና የሚለው ናሆምን ለማየት ነው። እሱን ሲያወጡት ሁሉም ባዶ ቦታ ያያሉ። እንግዳው እንስሶቹ ምን እያዩ ነው እያለ ይጨነቅ ጀመር። ስለዚህ እሱንም ቀዱት። ያለ እሱ ዕቃቸው ጎዶሎ ነበር።

ያልተቀዳችው ትርንጎ ብቻ ናት። መሣሪያው በገባ ቁጥር ወደ ጀርባ ክፍሏ ትገባለች። የክፍሉን በር እንድፈነው ሲሉ ናሆም በሩ ላይ ቆመ። ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ፤ እንጨቱ ላይ የጻፈውን ነው ያላቸው። ተዋት። ሣር ስለምትበላ ብዙም ወጪ አታስወጣቸውም ነበር።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ሞቱ። ጥሩምባ አልተነፋላቸውም፤ ነባሪዎች ናቸዋ። የመጨረሻው ቀበሮ በሞተ ዕለት ናሆም ከጓሮ ብቻውን ሲቀብረው፣ ከፊት ለፊት ያው ቀበሮ ለጎብኝዎች ሲሮጥ ነበር። ጭብጨባው እስከ ጉድጓዱ ይሰማል። በዚያው ሳምንት እንጨቱን አውርደው «ሁልጊዜ አሉ» የሚል የሚያበራ ጽሑፍ ሰቀሉ። ናሆም እንጨቱን አንስቶ የመኝታ ቤቱ በር ላይ በሚስማር መታው። ሲሞትም እዚያው ነበር።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

የእድራችን መልእክት አሁን በስልክ ነው የሚሄደው። «ወንድሜ ናሆም አርፏል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ጠፋ። በቦታው ሌላ መጣ፦ «ናሆም ጌጤነህ በግቢው ይገኛል። ሰላምታ መላክ ይፈልጋሉ?» ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ስልኩን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

ብዙም ሳይቆይ የነባር ተወካይ ኤልዳና መጣች። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች፣ ናሆም እንኳ ይወዳት ነበር። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች። አላለቀሰችም፣ እግዜር ያጥናሽም አላለችኝም፤ ቢፈቀድላት ትል ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ለዚህም አልምራትም። ስለ ለውጡ ሰምተን ነው የመጣነው አለች። ለውጡ አለችው። ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ አራት ሰው ሆነው ይቅበሩት፣ ድንኳን አይተከል፣ ጥሩምባ አይነፋ፣ ግቢው ውስጥ ጥቁር አይለበስ ብላ በለሰለሰ ድምፅ ዘረዘረችልኝ። ወደ መስኮቱ ጎተትኳት።

«ያ ማነው?»

«ጋሽ ናሆም ናቸው።»

«አልጋው ላይ ያለውስ?»

ወደ አልጋው አየች። አንገቷ ቀላ።

«እሳቸው… ጊዜያዊው ናቸው፣ እማማ ሶስና።»

በጥፊ ልላት እጄ ተነስቶ ነበር። ያልመታኋት አዝኜላት አይደለም፤ ሬሳ ባለበት ቤት እጅ ስለማይነሳ ነው። ውጪልኝ አልኳት። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ቀጥዬ ወደ እድሩ አዳራሽ ወረድኩ። ዳግማዊ አሁን ሊቀ መንበር ነው። አዳራሹን ነባር ነው ያሠራው፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ሳይቀር። አሮጌው ጥሩምባ ግድግዳው ላይ ለጌጥ ተሰቅሏል። ዳግማዊ ገና ሲያየኝ ገብቶታል፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አፉ ግን ሌላ ይናገራል። ድንኳኑ ላይ የእነሱ ስም ነው ያለው ሶስና፣ ከነጠቁን ለሌላው ሰው በምን እንደርሳለን አለኝ። ለሌላው ሰው ማለት ለማን እንደሆነ ጠየቅኩት። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ካልተነገረ ለማን ነው የምትደርሰው? ወንበሮቹ ለማን ናቸው? አንተ ስትሞት ልጅህ አንተን ደጅ ቆመህ እያየችህ ውስጥ ተቀምጣ ታልቅስልህ? ጥግ ላይ ከዘራውን ተደግፎ እንዳልክ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝም። ለእሱም የሚደርሰውን ተናግሬ ወጣሁ።

ስመለስ ከተማሪዎቹ የቀሩት የትርንጎ አጥር ጋ ነበሩ። ቅጂው ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ትርንጎ ቤት ይገባል፤ ናሆም ሣር ይሰጣት የነበረበት ሰዓት ነው። ገባ። እጁን ዘረጋ። «ነይ እስቲ፣ የኔ እመቤት» አለ፣ በዚያው ድምፅ፣ ከመታመሙ በፊት በነበረው። ትርንጎ ተነሳች። ወደ እሱ ሄደች፣ ዓይኗን ሳታነሳ በሆዱ ውስጥ አልፋ ሄደች፤ ናሆም በእውነት ይመጣበት የነበረው የጓሮ በር ጋ ስትደርስ ተቀመጠች። ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

ልጆቹ ሳቁ። መምህራቸውም ሳቀ። እኔ በሕይወቴ ሰው ላይ ድንጋይ አንስቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አነሳሁ፣ ወረወርኩም። ድንጋዩ በወንድሜ ደረት አልፎ አጥሩን መታ። «ቀስ በሉ፣ ቤታቸው ነው» አለኝ ቅጂው።

የጓሮ በሩን ከፍቼ ከትርንጎ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጠረኗ የእሱ ጃኬት ጠረን ነው። እንዳልክ እዚያ አገኘኝ። ሲመጣ ከዘራው ብቻ አልነበረም በእጁ፤ ከጋቢው ሥር የሆነ ነገር ደብቋል። ጎንበስ ብሎ ለመቀመጥ ታገለ፣ ሲያቅተው ቆሞ ቀረ።

«ስድብሽ ጆሮዬን አቃጥሎታል» አለ። «በማን ስም ልንፋ?»

በእኔ አልኩት።

«ያንቺን ከጠራሁ፣ ያለሽ አንድ ወንድም ነው፣ ያውቁታል። ጥሩምባውን ሳላወርድ ነው የሚይዙን። ቀብሩንም ያስቀሩታል።»

ትርንጎ አንዴ እሱን አንዴ በሩን ታያለች። እንዳልክ እሷን እያየ ጢሙን ያሻሽ ጀመር።

«ይቺ ተቀድታለች?»

አልተቀዳችም አልኩት።

«እነሱ መዝገብ ላይ የለችማ።»

«የትም የለችም።»

«እንግዲያው ሀዘኑ የእሷ ነው» አለና ከጋቢው ሥር ጥሩምባውን አወጣ።

ከበሩ ጀምሮ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ አስፋልቱ ዞረ። ትንፋሹ እንደ ድሮው አልነበረም፤ በየመካከሉ ቆሞ ያስላል። «ሀዘን የትርንጎ ነው! ቀብር ስምንት ሰዓት፣ ማርያም!» ከዓመታት በኋላ ጥሩምባ የሰማ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጣ። ለማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ትርንጎ በዚህ ምድር ላይ ያላት አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ደብረ ሲና ውስጥ የማያውቅ ማን አለ?

መጀመሪያ የመጡት ቆሎ ሻጮቹ ናቸው። ቀጥሎ አሮጌዎቹ የእድር ሰዎች፣ ወንበር በየጭንቅላታቸው ተሸክመው፤ የየቤታቸውን ወንበር። ድንኳን ስላልነበረን ሸራና አንሶላ ተቀጣጥሎ ተወጠረ። ንፍሮ ጎረቤት ቀቀለ። የዳቦ ቤቷ ልጅ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ መጣች። ለማን እንደለበሰችው አልጠየቅኋትም፤ ሌላ ማንም ያላለቀሰውን ያህል አለቀሰች። ዳግማዊ ዘግይቶ መጣ። ከሁሉ ኋላ ቆመ። ቦታ የለቀቀለት አልነበረም።

ኤልዳና ግራ ተጋብታ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች። በመጨረሻ እንዳልክን ማን ነው የሞተው ብላ ጠየቀችው።

«ሀዘንተኛዋን ጠይቂያት» አላት በከዘራው ወደ ትርንጎ ቤት እየጠቆመ። «እኔ ጥሩምባ ነፊ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል ሳቀ። ናሆም ቢኖር እሱም ይስቅ ነበር።

ሬሳውን ለማውጣት ሌላ መንገድ የለም፤ በዋናው በር ነው። ቅጂው እዚያው ቆሟል፣ ሥራ ላይ ነው። ሰዉ ሣጥኑን ተሸክሞ ሲደርስ ዘወር ብሎ ፈገግ አለ። «በደህና ግቡ። ሌላ ቀን ተመለሱ፣ ሳይታዩ የቀሩትን ታገኟቸዋላችሁ» አለ። ይህን ለሚሄዱ እንግዶች ሁሉ ይለዋል። ከፊት የያዙት ሰዎች እግር ለአንድ አፍታ ተያዘ። አንዷ ቆሎ ሻጭ ከልማድ ብዛት «አሜን» ልትል ከንፈሯን ስትከፍት አየኋትና ክንዷን ያዝኳት። ሣጥኑ አለፈ። አንዱ ጠርዝ በቅጂው ትከሻ ውስጥ ገብቶ ወጣ።

ቤተ ክርስቲያን ቄሱ በክርስትና ስሙ ጠሩት። ወልደ ገብርኤል። ያንን ስም ነባር አያውቀውም። ቄሱ ቢፈቅዱልኝ ጮክ ብዬ አብሬያቸው እጠራው ነበር፤ በአፌ ውስጥ ጠራሁት። አፈር ሲለብስ የበሩን እንጨት ራስጌው ላይ አቆምኩት። አንዳንድ ሰው አነበበና እንባውን ጠረገ፤ አንዳንዱ ለመቃብር እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል ወይ ብሎ አጉረመረመ። ይጻፋል። እሱ ራሱ ጽፎታል።

ስለ መጽናናት የሚያወሩኝ አሉ። አልተጽናናሁም። ወንድሜን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የቀበርኩት፤ በማግስቱ በሦስት ሰዓት እንደገና በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዛሬም ቆሟል። ሰው ሁሉ ለእንስሳቱ ሲል በሠራው ሥራ ያከብረዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ደግ ሰው ነው ይላል፤ ነው ይላል እንጂ ነበር የሚል የለም። ዕድሜውን ሙሉ ለቀበሮ እንኳ ያልነፈገውን ነገር እሱን ነፈጉት። የመጥፋት መብት የሚባል ነገር ካለ እሱ ነው።

ነባር አዳራሹን ዘጋ፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን በመኪና ጭኖ ወሰደ። ኤልዳና ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ትርንጎ ከዚያ ቀን በኋላ ከጀርባ ክፍሏ አልወጣችም፤ ሣሩን እዚያው አቀብላት ነበር። በታኅሣሥ ሞተች። እንዳልክ «ሀዘን የሶስና ነው» ብሎ ነፋ፣ ሰው መጣ። ዳግማዊ ጥሩምባው የነባር ንብረት ነውና ይመለስ ለማለት ደጋግሞ እንዳልክ ቤት ሄዷል። እንዳልክ ጥሩምባውን አልመለሰም።